የማጣሪያ ቁስ ብጨምርም የአኳሪየሜ ውሃ አልጠራ አለኝ

የሳሎን ሐይቅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ውስጥ 120 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። በውስጡ አምስት ጎልድፊሾች ይኖራሉ፤ ሁለቱ ከመዳፌ ይበልጣሉ። ማሞቂያ የለውም፤ የውሃው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ አይርቅም። ማጣሪያው ከጠረጴዛው ሥር የሚቀመጥ፣ ሦስት ትሪዎች ያሉትና በቱቦ ከአኳሪየሙ ጋር የሚገናኝ ዝግ ጣሳ ሲሆን በሰዓት 800 ሊትር እንደሚያዘዋውር ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

ከሁለት ወር ወዲህ ውሃው ወተት ጠብ ያለበት ይመስል እየነጣ፣ ክዳኑም ሲከፈት እየሸተተ ስላስቸገረኝ የማጣሪያ ቁስ መጨመር መፍትሔ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከማጣሪያው ጋር ከመጡት ሁለት ስፖንጆችና ጥቂት የሴራሚክ ቀለበቶች በተጨማሪ አንድ ኪሎ ቀለበት፣ አንድ ከረጢት አክቲቬትድ ካርቦን (ሽታና ቀለም እንዲወስድ የታከመ ከሰል) እና ለትራስ የሚሆን ነጭ ፋይበር ገዝቼ ሦስቱንም ትሪዎች ክዳኑ በግድ እስኪገጥም ድረስ ሞላኋቸው። ይህን ከማድረጌ በፊት ነባሮቹን ስፖንጆችና ቀለበቶች ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ፣ ጭቃቸው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ አጥቤያቸዋለሁ። ይህ ከሆነ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ውሃው ግን ከመጥራት ይልቅ ብሶበታል። ትናንት ከጓደኛዬ በተዋስኩት የጠብታ መመርመሪያ ስለካው አሞኒያ 0.5፣ ናይትራይት 1፣ ናይትሬት 80 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ደግሞ 7.8 ሆኖ አገኘሁት። ውሃ የምቀይረው በየሳምንቱ አንድ ባልዲ፣ ማለትም 12 ሊትር ያህል ነው።

ሁለተኛ ጣሳ በመግዛትም ቢሆን ቁስ መጨመሬን ልቀጥል ወይስ ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው? የቁሶቹስ ቅደም ተከተል እንዴት ሊሆን ይገባል? ከውጭ የሚመጣው ቁስ ዋጋው የማይቀመስ ስለሆነ የማብሰያ ከሰልና ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ድንጋይ ይተካዋል የሚሉኝም አሉ። ልምዱ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

አሮጌ ስፖንጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ አስቀድሞ የመለኪያ ቁጥሮችዎን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው «ውሃዬ ተበላሸ» ብሎ ብቻ ስለሚጠይቅ መልሱም ግምት ይሆናል። የእርስዎ ቁጥሮች ግን ታሪኩን ራሳቸው ይናገራሉ።

ዓሣው ከመተንፈሻውና ከኩሱ፣ እንዲሁም የተረፈው መኖ ሲበሰብስ፣ አሞኒያ ወደ ውሃው ይገባል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ በአኳሪየም ውስጥ በአብዛኛው ናይትሮስፓይራ የተባለው ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬትዎ 80 መድረሱ ይህ ሥራ ለረጅም ጊዜ በደንብ ሲከናወን እንደነበረ ያሳያል። አሞኒያና ናይትራይት አሁን መታየታቸው ደግሞ ሥራው በቅርቡ መሰናከሉን ይናገራል፤ ያሰናከለውም ያ በቧንቧ ውሃ የተደረገው እጥበት ነው ብዬ አምናለሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የሚጨመርበት ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ የእኛንም ባክቴሪያ ለይቶ አይምርም። ስፖንጅ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ በማድረግ ነው። ቡናማው ዝቃጭ ከነጭራሹ መልቀቅ የለበትም። ሁሉም ቁስ በአንድ ቀን እንዳይታጠብም ይጠንቀቁ፤ ዛሬ ስፖንጁ ከታጠበ ቀለበቱ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ይታጠባል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። የማጣሪያ ቁስ ለባክቴሪያ ቤት ነው እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። ባለ ሁለት ክፍል ቤትዎ ላይ አሥር ክፍል ቢጨምሩ ተከራዩ የሚመጣው ሥራና ምግብ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የባክቴሪያው ብዛት የሚወሰነው ዓሦችዎ በሚያወጡት አሞኒያና በሚያገኘው ኦክሲጅን ነው፤ የነባሩ ስፖንጅ፣ የጠጠሩና የመስታወቱ ገጽ ለአምስት ዓሦች የሚበቃውን ባክቴሪያ ቀድሞውኑ ተሸክሞ ነበር። ስለዚህ የጨመሩት አንድ ኪሎ ቀለበት ለጊዜው ባዶ ቤት ነው። አዲስ ቁስ በባክቴሪያ እስኪሞላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በ20 ዲግሪ ውሃ ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

ይልቅ አንድ ነገር ይለኩልኝ። የማጣሪያውን መውጫ ቱቦ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ይጨምሩና ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በስልክዎ ይያዙ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 800 ሊትር ባዶ ጣሳ የሚያዘዋውረው ነው። ጣሳው ከመጠን በላይ ሲጠቀጠቅ ውሃው በቁሱ መካከል ማለፉን ትቶ በጎን በጎን ያመልጣል፤ ያኔ ብዙ ቁስ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ቁስ ካለው የባሰ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ውሃው በመጀመሪያ የሚያገኘው ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ደቃቁ ስፖንጅ ወይም ስስ ሽፋን ፋይበር፣ ከዚያ ቀለበቱ፣ ካርቦን ካለ ደግሞ በመጨረሻ ነው። ውሃው በእርስዎ ጣሳ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይውጣ ወይስ ከላይ ወደ ታች ይውረድ መጀመሪያ ያረጋግጡ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱ ከስፖንጁ ቀድሞ ከተቀመጠ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በኩስ ስለሚደፈኑ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ቁስ ተራ ጠጠር ሆኖ ይቀራል።

ለዛሬ ግን ዓሦቹን ማትረፍ ይቀድማል። አሞኒያ ክፉ የሚሆነው ፒኤች ሲጨምር ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማ መልክ ያለው ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በ7.8 ግን ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ ይደርሳል። መኖውን ለሦስት ቀን ያቁሙ፤ ጎልድፊሽ በዚህ አይጎዳም። ለአንድ ሳምንት ያህል በየሁለት ቀኑ ሲሶውን ውሃ ይቀይሩ፤ የሚጨምሩትን ውሃ በክሎሪን ማጥፊያ ያክሙ። በተጨማሪም በሊትር አንድ ግራም፣ ማለትም በጠቅላላው 120 ግራም የወጥ ቤት ጨው በውሃ አሟሙተው ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ከጨው የሚገኘው ክሎራይድ ናይትራይቱ በዓሣው መተንፈሻ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል። ውሃ ሲቀይሩ የሚወጣውን ጨው ያህል ብቻ ይተኩ።

የሳሎን ሐይቅ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባልዲውን ሞከርኩት፤ 10 ሊትር ለመሙላት ድፍን ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሳሰላው በሰዓት 300 ሊትር ብቻ ነው፤ በእውነቱ ደንግጫለሁ። ፋይበሩን ሳወጣው ሰሌዳ መስሎ ጠጥሯል። ውሃው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሆኖ ሳለ እኔ ቀለበቱን ከታች፣ ስፖንጁን ከላይ አድርጌው ኖሯል።

ፈረቃ ውሃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ ከውሃ ማጣሪያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ ኦክሲጅንን በሚመለከት ልጨምር፤ ለአዲስ አበባ ሰው ዋናው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ የሚገኝ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን መያዝ ሲችል እዚህ ከ6.8 ብዙም አያልፍም። ከዚህ ውስጥ ዓሦቹ የራሳቸውን ይወስዳሉ፤ በስፖንጁ ላይ የተጠራቀመውን ዝቃጭ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ይወስዳሉ፤ አሞኒያን የሚለውጡትም ለእያንዳንዱ ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋሉ። በመመሪያ ወረቀት ላይ «ይህን ያህል ሊትር ቁስ ለዚህን ያህል ዓሣ» እየተባለ የሚጻፈው ቆላና ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ለእኛ ግን ቁሱን እጥፍ ከማድረግ ይልቅ ፍሰቱን ማፍጠንና የውሃውን ገጽ ማናወጥ የበለጠ ይጠቅማል። የመውጫውን ቱቦ ከውሃው ገጽ ጥቂት ከፍ አድርገው ውሃው እየተረጨ እንዲወድቅ ያድርጉ፤ አንድ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከነድንጋዩ ቢጨምሩም ከአንድ ኪሎ ቀለበት ይበልጥብዎታል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም አስቡት። ዝግ ጣሳ ውስጥ ያለው ውሃ ሲቆም ባክቴሪያውና ዝቃጩ በውስጡ የቀረውን ኦክሲጅን ጨርሰው መታፈን ይጀምራሉ፤ ጣሳው በዝቃጭ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ኦክሲጅኑ የሚያልቀው በዚያው ልክ ፈጥኖ ነው። ከብዙ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ያንን የከረፋ ውሃ በቀጥታ ዓሦቹ ላይ ይለቀዋል። ስለዚህ ረዘም ያለ መጥፋት ሲያጋጥም ማጣሪያውን ከሶኬት ነቅለው፣ መብራቱ ሲመለስ በጣሳው ውስጥ የቆየውን ውሃ ደፍተው፣ ቁሱን በአኳሪየሙ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ያስነሡት። ገንዘብዎን ለሁለተኛ ጣሳ ከሚያወጡት በባትሪ በሚሠራ የአየር ፓምፕ የሚነዳ አንድ የስፖንጅ ማጣሪያ አኳሪየሙ ውስጥ ቢያስቀምጡ ይሻላል፤ እሱ ክፍት ውሃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ፓምፑ ቢቆም እንኳ እንደ ዝግ ጣሳ ቶሎ አይታፈንም።

ሬድ አሹን በሚመለከት የነገሩዎት ሰዎች ትክክል ናቸው። ቢሾፍቱ አካባቢ ካሉት ኮረብታዎች ተቆፍሮ ለመንገድ ሥራና ለብሎኬት የሚውለው ይህ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘና በቀዳዳ የተሞላ በመሆኑ ለባክቴሪያ ጥሩ ማደሪያ ነው፤ ከውጭ ከሚመጣው ቀለበት ብዙም የሚያሳንሰው ነገር አላየሁበትም። ሲሚንቶ፣ ኖራ ወይም ናፍጣ ያልነካው መሆን አለበት፤ ግንባታ ቦታ ከተከመረው ዝም ብለው አይዝገኑ። የጣት ራስ በሚያህል መጠን ይምረጡትና ውሃው ቀይ መሆኑን እስኪያቆም ደጋግመው ይጠቡት፤ ከዚያ ያፍሉት፤ ለጥቂት ቀናትም በየቀኑ ውሃውን እየቀየሩ ይዘፍዝፉት። ደረቅ ድንጋይ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉ አረፋ ከወጣው ከኖራ ዘር ያለበት ስለሆነ ይተዉት፤ ፒኤችዎ አሁንም ቢሆን ከፍ ያለ ነው።

የማብሰያ ከሰል ግን ሌላ ነገር ነው። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ከሰል ወይም የኮኮናት ቅርፊት በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ታክሞ ውስጡ እጅግ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የምድጃ ከሰል ያን ዓይነት ገጽ የለውም፤ በላዩ ላይ የቀረው አመድም የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል። ትርፉ ጥቁር አቧራ ነው።

ከፖቶማክ ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ አርሊንግተን ነው፤ በአንድ ነጥብ ላይ ከወንድሞቼ ሐሳብ ትንሽ እለያለሁ። ተጨማሪ ቁስ ሁልጊዜ ባዶ ቤት አይደለም። እዚህ ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ የቧንቧው ውሃ የሚታከመው በክሎሪን ብቻ ሳይሆን ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሐዱበት በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን በባልዲ አሳድሮ በማናፈስ አይጠፋም፤ ማጥፊያ ሲጨመርበት ደግሞ ክሎሪኑ ይጠፋና አሞኒያው ይቀራል። ስለዚህ ግማሽ ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ባንድ ጊዜ የሚመጣውን አሞኒያ የሚቀበል ተጨማሪ ባክቴሪያ ያስፈልገኝ ነበር፤ ሁለተኛ ስፖንጅ ከጨመርኩ ከሁለት ወር በኋላ ማግስቱን የሚታየኝ የአሞኒያ ምልክት ጠፋ። ሁለተኛው ጥቅሙ ደግሞ አንዱን ሳጥብ ሌላው ሳይነካ መቆየቱ ነው።

ስለ ካርቦኑ ልጨምር። ካርቦን ቢጫ ቀለምን፣ ሽታንና ከሕክምና የተረፈ መድኃኒትን ይወስዳል፤ አሞኒያን፣ ናይትራይትንና ናይትሬትን ግን አይነካም። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ አቅሙ ስለሚያልቅ ጠያቂው እንዲጠቅም ከፈለጉ መለወጥ፣ ካልፈለጉ ማውጣት አለባቸው። እኔ ከዓመታት በፊት ትቼዋለሁ። አሞኒያን የሚወስደው ዜኦላይት የተባለው ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተመከረውን ጨው እየተጠቀሙ ዜኦላይት እንዳያስገቡ። ዜኦላይት ጨው ሲያገኝ የያዘውን አሞኒያ መልሶ ይለቃል፤ የሚታደሰውም በዚሁ መንገድ፣ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ነው።

አሮጌ ስፖንጅ፦

እህቴ ትክክል ነሽ፤ የእኔ ንግግር ጥቂት ተጋንኖ ነበር። አሞኒያ ባንድ ጊዜ ዱብ በሚልበት ቤት፣ ወይም ዓሣ ሊጨመር ሲታሰብ፣ ቤቱን አስቀድሞ መሥራት ያዋጣል። ነባሩን ሳይነኩ አዲሱን ከጎኑ አስቀምጦ መጠበቅ ነው።

ለጠያቂው አንድ የቀረኝን ላንሣ። ምንም ያህል ቁስ ቢጨምሩ ናይትሬቱ ከአኳሪየሙ አይወጣም፤ ማጣሪያው ራሱ የሚያመርተው ነውና። ጥቃቅን ቀዳዳው ውስጥ ናይትሬትን የሚያጠፋ ባክቴሪያ ያሳድጋል እየተባለ የሚሸጠውን ውድ ድንጋይ እኔም ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፤ ውሃ እንደዚህ በሚሮጥበት ጣሳ ውስጥ በመለኪያ የሚታይ ለውጥ አላገኘሁበትም። ናይትሬት የሚወጣው በባልዲ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ናይትሬቱ በየሳምንቱ በ8 ሚሊ ግራም የሚጨምር ከሆነና እርስዎ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውሃ ብቻ ከቀየሩ፣ መጨረሻ ላይ ረግቶ የሚቆመው 80 ላይ ነው፤ እርስዎ የለኩት ራሱ ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ባልዲ ቢቀይሩ ግን 27 አካባቢ ይቆማል። ይህ የቧንቧ ውሃዎ ናይትሬት የለበትም ብለን ካሰብን ነው፤ እሱንም አንድ ቀን ይለኩት።

በየቤቱ በረንዳ ላይ የሚንጠለጠለው ፖቶስ የተባለው ሐረግም ሥሩ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲገባ ቢደረግ ናይትሬቱን ይመገባል። ቅጠሉን ግን ጎልድፊሽ እንዳይበላው ያርቁት።

የሳሎን ሐይቅ (ጠያቂ)፦

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ፋይበሩንና ካርቦኑን አውጥቼ፣ ስፖንጆቹን ከታች፣ ቀለበቱን ግማሽ ያህል ብቻ ከላይ አደረግሁ። አሁን ባልዲው በ65 ሰከንድ ይሞላል፤ ይህም በሰዓት 550 ሊትር ገደማ ነው። የመውጫውን ቱቦ ከፍ አድርጌ ውሃው እየተረጨ እንዲወድቅ ካደረግሁ ወዲህ ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው አየር መጎንጨታቸውን ትተዋል፤ እኔ እስከዚያ ድረስ መኖ የሚለምኑ ይመስለኝ ነበር።

አሞኒያው በሁለተኛው ሳምንት፣ ናይትራይቱ በአምስተኛው ዜሮ ሆነ፤ ናይትሬቱ ትናንት 30 ነበር። ነጭነቱ የጠፋበትን ቀን በትክክል አላስታውስም። የፈላውን ሬድ አሽ በመረብ ከረጢት አድርጌ በሦስተኛው ትሪ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ፍሰቱ ግን በዚህ ምክንያት መቀነስ አለመቀነሱን ገና አልለካሁም። ሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የምቀይረውን ከሮቶ እቀዳለሁ። አንድ ቀን ያደረ የሮቶ ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ያስፈልገዋልን?

ፈረቃ ውሃ፦

ሮቶው ክዳኑ የተዘጋ ስለሆነ ክሎሪኑ ቶሎ አይተንም፤ ስለዚህ ማጥፊያውን አይተዉት። ውሃውን ቀድመው ክዳን በሌለው ባልዲ ካሳደሩትና የአየር ድንጋይ ከጨመሩበት ግን መጠኑን መቀነስ ይችላሉ። ውሃ በመጣበት ዕለት በቀጥታ ከቧንቧ አይቅዱ። ሬድ አሹን በሚመለከት ደግሞ ዛሬውኑ ባልዲውን ይዘው ይለኩ፤ ከ80 ሰከንድ ካለፈ ሲሶውን ይቀንሱለት።